የባቄላ ማሳውና ቅይጡ ጥናት

«ቁጥር ብቻውን አንካሳ ነው፤ ወሬም ብቻውን ዕውር ነው፤ ሁለቱን ካጋባናቸው ግን...» ሲባል ከዓመታት በፊት በአንድ ቢሮ በር ላይ ተሰምቷል። ከዚያ በኋላ የተባለውን ሰሚው ዘንግቶታል፤ ብቻ ጭብጨባው ረጅም ነበር። እንዲህ የተወለደው ክቡር ቅይጥ የምርምር ዘዴም፣ ገበሬዎች መሬታቸውን በገለባ ሸፍነው እርጥበቱን እንዲጠብቁ የተሰጣቸውን ምክር ተቀብለው እንደሆነ ለማጣራት ወደ አንድ መንደር ወረደ። ተቀብሎ የተገኘ ምርጥ ዘር ይሰጠዋል።

በመንደሩ ምክሩን የተቀበለች አንዲት የባቄላ ገበሬ ነበረች። ዘሩም ከማንም በላይ ያስፈልጋታል፤ ያስቀመጠችውን ነቀዝ ጨርሶባታል።

የጥናቱ ጠያቂ ሦስት ቀን በሯን አንኳኳ፤ ዝግ ነው። በአራተኛው ቀን ማሳዋን ሲያቋርጥ ገለባው አደናቅፎት ተዘረረ።

«እኔን!» አለች የገለባ ሸክሟን ጥላ።

«ደህና ነኝ፣ እትዬ። የዚያ ቤት ባለቤት የት ሄዱ?»

«እኔ ነኝ እኮ!»

«እንግዲያው ቤት ሲገቡ እመጣለሁ።»

«አሁን አገኘኸኝ አይደል እንዴ?»

«መመሪያው ቤት ለቤት ነው የሚለው» አለ፣ ገለባውን ከሱሪው እያራገፈ።

ቀን ቀን ቤቱ የሚገኘው ጎረቤቷ ብቻ ነበር፤ ጀርባው ከመደብ ተለይቶ አያውቅም። ቁጥር ሰብሳቢዎቹ እሱን ቆጠሩ፤ ወሬ ሰብሳቢዎቹም እሱኑ አወያዩ። ገለባ የሚያለብስ ለምን እንደጠፋ ቢጠይቁት፣ «ኅብረተሰቡ ገና አልነቃም» አለ እያዛጋ። ቁጥሩ «ዜሮ» አለ፤ ወሬው ዜሮውን አብራራ። ተቃቅፈው ወደ ቤታቸው እንደሚሄዱ ሰካራሞች፣ ሁለቱ ዘዴዎች ተደጋገፉ።

ሴትዮዋ ለጥናቱ መሪ አቤት አለች። «ሦስት ቀን ቤትዎ ይቀመጡና ይመዘገባሉ» አሏት። ተቀመጠች። ጠያቂው መጣ።

«ባለፉት ሦስት ቀናት ማሳዎን በገለባ ሸፍነዋል?»

እግዜርን የምትፈራ ናትና «አልሸፈንኩም» አለች።

ጥናቱ ተረጋገጠ። ገና ገለባ ያልለበሰውን ግማሽ ማሳዋን ግን ፀሐይ ይቆላው ጀመር።

መሪው ርኅሩኅ ሰው ናቸው፤ ስለ ገለባ ሥልጠና ከወሰደች ዘሩ እንዲሰጣት ፈቀዱ። ጎረቤቷም ለጥናቱ ባበረከተው ጥልቅ መረጃ አሠልጣኝ ሆኖ ተሾመ።



«እሺ፣ እሠለጥናለሁ» አለች ሴትዮዋ። «ግን እኔ ጭንቅላቴ ደረቅ ነው፤ በቃል አይገባኝም። ማሳዬ ላይ ይሁን፤ እሱ እየተሸከመ ያሳየኝ።»

መሪው በትምህርት ፍላጎቷ ልባቸው ተነክቶ ፈረሙ።

«ስንት ሸክም ነው?» አለ ጎረቤቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመደቡ ቀና ብሎ።

«እስኪገባኝ ነዋ፣ መምህር!»