ወይዘሮ አዙሩት የሠሩት ቤት

የሰው ቤት ሳያስተካክል የማያድር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሊጠይቅህ ይመጣል፤ ገና «እንዴት ዋላችሁ» ሳይል ዓይኑ ሶፋው ላይ ያርፋል። ታመህ ተኝተህ ቢያገኝህ እንኳ ትራስህን አያስተካክልልህም፤ አንተን ከነአልጋህ ያዞርሃል እንጂ።

ክብርት ወይዘሮ አዙሩት የዚህ ወገን አውራ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ግንበኞች ናቸው፤ እናታቸው ያወጡላቸውንማ ማን ያስታውሰዋል? ሙያቸው አርክቴክትነት ነው። ሌላውን ሰው የሚያሳማው አመል ለእሳቸው ዲግሪ ሆኗቸዋል።

አንድ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ለማሠራት አስቦ ቢሮው ጠራቸው። ገቡና ጠረጴዛውን አዩ።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

የታዘዘው ሻይ ሲመጣ ጠረጴዛው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። በአንድ ወገን ወገቡን ይዞ የሚገፋው ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነበር።

ቤቱን ያሰበው ያለ ነገር አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችው እናቱ እየረሳች ነው። በገዛ ቤቷ መንገዱ እየጠፋት፣ ደጋግማም ሽንት ቤቱን ሳታገኝ እየቀረች፣ በእፍረት ታለቅሳለች። እና ለእሷ ምርጥ ምርጡን ተመኘ፦ እንደ ሆቴል የሚያብረቀርቅ ወለል፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ኮሪደር፣ መግቢያው ላይ ጥቁር ምንጣፍ።

ወይዘሮ አዙሩት ግንባታው ቦታ ላይ የሚያብረቀርቀውን ወለል አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነዚህ አዛውንት ውሃ የፈሰሰ ነው የሚመስላቸው።»

«እንዴ እትዬ! ሰው ወለልን ከውሃ አይለይም?»

እሳቸው ከቦርሳቸው አሮጌ መነጽር አውጥተው መስታወቱን ቅባት ለቀለቁና ዓይኑ ላይ ሰኩለት። «በል ተሻገር» አሉት። ሥራ አስኪያጁ ጥቂት እንደተራመደ፣ ሳያውቀው፣ የሱሪውን ጫፍ ሰብሰብ አደረገ። ግንበኞቹ ያን ቀን እያነሱ እስካሁን ይስቃሉ። ጥቁሩ ምንጣፍ ጋ ሲደርስማ ገደል እንዳየች በቅሎ ቀጥ ብሎ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይከራከራቸዋል? ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ሄዶ እንደሚያበቃ ሲያዩ «ሰው እዚህ ደርሶ ምን ያድርግ? ከግድግዳው ጋር ያውጋ?» ብለው ግቢውን ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለስ መተላለፊያ አደረጉት። ነጩን የሽንት ቤት መቀመጫ በሰማያዊ አስለወጡ፤ ነጭ በነጭ ላይ አይታይማ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሽንት ቤቱን እንዲያየው በሩን ሲያዞሩት ግን ሥራ አስኪያጁ አላስቻለውም።

«እንግዳ ቢመጣስ? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ነውሩ ፈልጎ ማጣቱ ነው፣ የኔ ልጅ።»

እናቱ ትዝ አለችውና ግንበኞቹን «አዙሩት» አላቸው።

ቤቱ አልቆ እናቱ ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ጋር ገባች። የገባች ሰሞን «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» እያለች አስቸገረች። ኋላ ግን መስኮቱ ሥር ያለውን አረንጓዴ ወንበር ለመደች። ከአልጋዋ ስትነሳ ወንበሩን ታያለች፤ ወንበሩ ላይ ሆና በሩን ታያለች፤ ከበሩ ደግሞ የምሳው ሽታ ይጠራታል። ልቅሶው ቀረ።

ወይዘሮ አዙሩት ግን ቤት አስረክበው የሚቀሩ ሰው ይመስላሉ? በየቅዳሜው ከች ነው። አንድ ቅዳሜ እናትየዋ ምሳ ላይ ሳለች፣ ፀሐዩ ዓይኗን እንዳይወጋት ብለው ወንበሩን ወደ ወዲያኛው ጥግ ወሰዱት። ለደግ ብለው ነበር። እሷ ስትመለስ መሃል ክፍሉ ላይ ቆመች። መስኮቱን አየች፤ በሩን አየች።

«ቤቴ የታለ? ቤቴን ማን ወሰደብኝ?»

ሥራ አስኪያጁ ጩኸቷን ሰምቶ እየሮጠ ሲመጣ ወይዘሮ አዙሩት ያን የሚያህል ወንበር ብቻቸውን ታቅፈው እየመለሱት ነበር። እናቱን አስቀመጧትና እግሯ ሥር ቁጢጥ አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ አጥፍቻለሁ። ይኸው፣ ቤትዎ ይኸው።»

እስክትረጋጋ እጇን አልለቀቁም። ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣ ነበር የመጣው። ያን ሁሉ ሰው ሲያዙ የኖሩት ሴት እንዲያ አንገታቸውን ደፍተው ሲያያቸው ግን እሱም አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

ከዚያ ወዲህም መምጣታቸውን አልተዉም፤ ግን ምንም አይነኩም። ግድግዳው ላይ ሥዕል ዘመም ካለ ዓይናቸው ይሄዳል፤ እጃቸው ይነሳል፤ ይመልሱትና ይቀመጡበታል። የምሬን ነው፣ እጃቸው ላይ ነው የሚቀመጡት።

«ይብላኝ ለጎረቤቶችዎ፤ እዚህ የታመቀው ሁሉ እነሱ ላይ ሊፈነዳ ነው» ይላቸዋል ሥራ አስኪያጁ።

«አፍህን ያዝ፣ አንተ!»

በጉንፋን ምክንያት የቀሩ ዕለት ግን፣ ሲንጎራደድ አርፍዶ፣ ስልክ ያነሳው እሱ ነው። «ምነው ቀሩብን እትዬ? ቤቱ ጭር አለ እኮ።»

እናቱ ወይዘሮ አዙሩትን አታስታውሳቸውም። ሁልጊዜ አዲስ እንግዳ ናቸው። እንግዳ ደግሞ ዝም ተብሎ አይቀመጥምና እጃቸውን ይዛ ታስጎበኛቸዋለች፤ እሳቸውም አይተውት እንደማያውቁ ሁሉ ቀስ እያሉ ይከተሏታል።

«ነይ ልጄ፣ በዚህ በኩል። ይሄ መንገድ ዞሮ ዞሮ ይመልስሻል። አትፍሪ፣ እዚህ ቤት ሰው አይጠፋም።»

«ሲያምር እማማ! ማን ሠራልዎት?»

እናትየዋ ግራ ቀኙን አየች፤ ወደ ጆሯቸውም ጠጋ አለች።

«እኔው ነኛ!»

ወይዘሮ አዙሩት ጎንበስ ብለው ያን ስፌት ያጎበጠውን እጅ ሳሙት።

«እጅዎ ይባረክ» አሉ።