እጅህን ኪስህ ክተት

(እሑድ ጠዋት፣ ቤልጂየም ውስጥ። የካተንበርግ ዳገት፣ ከመጨረሻው መስመር አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ሲቀር። ሁለት ጡረተኞች የድንጋይ ንጣፉ ዳር ቆመዋል። ፊርሚን ሥጋ ሻጭ ነበር፤ አሁን የብስክሌተኛው የዮረን ደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። የማያውቀውን ነገር ሲጠይቁት እንኳ ዝም ብሎ አያውቅም። ኦሜር የመቃብር ቦታ አትክልተኛ ነበር። ዕድሜውን ዝም ካሉ ሰዎች ጋር ስለኖረ ነው መሰል፣ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። ልጁ ሊቭ ፖስታ አዳይ ናት፤ እሷም ዛሬ ትወዳደራለች። ኦሜር ኪስ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል አለ። ጠቡም በእሱ ነው።)

ፊርሚን፦ አውጣው አልኩህ!

ኦሜር፦ እንቁላል እኮ ነው።

ፊርሚን፦ ምን ይሁን ታዲያ! ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ሰው ለብቻው የሚነዳበት ውድድር ነው ይሄ። አጃቢ መኪና የለ፣ መካኒክ የለ፣ አባት የለ! ከሰው እጅ አንዲት ነገር የተቀበለ ሦስት ሰዓት ይቀጣል።

ኦሜር፦ ከሱቅ ገዝታ ብትበላስ?

ፊርሚን፦ እሱ ይቻላል። ሱቅ ለሁሉም ክፍት ነው።

ኦሜር፦ እንግዲያው ልሽጥላት።

ፊርሚን፦ ለገዛ ልጅህ?!

ኦሜር፦ ቅናሽ አላደርግላትም።

ፊርሚን፦ ወይ ፈጣሪዬ! ስማኝ፣ አንተ ሰውዬ። ልጅህ ስትመጣ አንጀትህ ይላወሳል፣ እጅህም ያመልጥሃል። እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ እጅህን አሁኑኑ ኪስህ ክተት።

ኦሜር፦ (እየከተተ) እንቁላሉ እዚያ ነው ያለው።

ፊርሚን፦ በሌላኛው ኪስ!

ኦሜር፦ ሊቀመንበር፣ ባዶ እጅስ? ድሮ እዚህ ዳገት ላይ እንገፋቸው አልነበረም እንዴ?

ፊርሚን፦ ድሮ! አያቴ ገፍቷል፣ አባቴ ገፍቷል፣ እኔ አርባ ዓመት ገፍቻለሁ። በዚህ መዳፍ ያላለፈ ጀርባ የለም። አሁን ግን ክልክል ነው። በጣት እንኳ መንካት የለም!

ኦሜር፦ ሰላምታስ?

ፊርሚን፦ ለማንም አላፊ አግዳሚ የምትሰጠው ዓይነት ከሆነ። እየቀነስክ። (ስልኩን ያወጣል) በል ተመልከት። እያንዳንዳቸው ኪሳቸው ውስጥ ያሉበትን የምትናገር መሣሪያ አለች። ሰማያዊዋ ነጥብ ዮረን ነው። ቀይዋ ልጅህ።

ኦሜር፦ ከስታለች።

ፊርሚን፦ ነጥብ ናት፣ ሰውዬ! ይኸው፣ ዮረን ይመራል። ሙያ ማለት ይሄ ነው። አሥራ አራት ዓመት ከታላላቆቹ ጋር የነዳ ሰው ከፖስታ አዳይ ጋር ሲወዳደር፣ እኔ ለፖስታዋ ነው የማዝነው።

ኦሜር፦ በአሥራ አራት ዓመት ስንት ጊዜ አሸነፈ?

(ፊርሚን ዝም አለ። ኦሜር ደነገጠ፤ ፊርሚንን ዝም ሲል አይቶት አያውቅም።)

ፊርሚን፦ ሥራው ማሸነፍ አልነበረም። ለአለቆቹ ውሃ ማመላለስ፣ ነፋስ መከለል ነበር። እነሱ ዋንጫ ያነሣሉ፣ እሱ ጠርሙስ ይለቅማል። ማኅበራችን አርባ ሰው ነበረው፤ አሁን የቀረነው እኔና ባንዲራው ነን። ዛሬ ግን አለቃ የለበትም ኦሜር። ለራሱ ብቻ የሚነዳበት የመጀመሪያ ውድድሩ ነው። ነገ ብስክሌቱን ይሰቅላል። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ቀድሞ ሲገባ ልየው።

ኦሜር፦ (ቀስ ብሎ) እኔም ልጄ እንድታሸንፍ ነው የምፈልገው።

ፊርሚን፦ ፈልግ፣ ማን ከለከለህ። መፈለግ ደንቡ ውስጥ የለም።

ኦሜር፦ ግን አርብ ማታ ዮረን ለምን አርባ ደቂቃ ቆመ?

ፊርሚን፦ ጎማው ተነፈሰ። እንደተነፈሰ ዳር ይዞ እጁን አነሣ።

ኦሜር፦ ለማን?

ፊርሚን፦ ለቡድኑ መኪና።

ኦሜር፦ አጃቢ መኪና የለም አላልክም?

ፊርሚን፦ የለማ! የአሥራ አራት ዓመት ልማድ ነው! እጁን አንሥቶ ሲጠብቅ ሲጠብቅ፣ አንድ ላም ጠባቂ መጥቶ ምን እንደጎደለው ጠየቀው።

ኦሜር፦ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ፊርሚን፦ ዮረንን ጦጣ አልከው?!

ኦሜር፦ እጁን ነው ያልኩት።

ፊርሚን፦ ከምትናገር ያንተዋን እይ። ትናንት ስትነዳ አምሽታ አራት ጊዜ ቆማለች። የት መሰለህ? መቃብር ቦታ! አራቱንም! አለቀላት ወዳጄ። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ነው ከሙታን ጋር የሚማከረው።

ኦሜር፦ ስንት ስንት ደቂቃ ቆየች?

ፊርሚን፦ ሁለት ሁለት ደቂቃ። አጭር ጸሎት።

ኦሜር፦ ልክ ነው። ሁለት ጠርሙስ ነው የያዘችው።

ፊርሚን፦ የምን ጠርሙስ?

ኦሜር፦ መቃብር ሁሉ በሩ አጠገብ ቧንቧ አለው፤ ለአበባ ማጠጫ። ለሁሉም ክፍት ነው። ሠላሳ ዓመት ያጠጣሁበት ነው፤ ገና ሕፃን ሳለች ነው ያሳየኋት።

ፊርሚን፦ (ፊቱ እየተለዋወጠ) ዮረንስ ይህን ያውቃል?

ኦሜር፦ ምኑን አውቄ። ዛሬ እሑድ ነው፣ በየመንደሩ ቡና ቤቱ ዝግ ነው።

ፊርሚን፦ ለካ ውሃ ፍለጋ ነው ጠዋት ሦስት መንደር ሲዞር ያረፈደው! እኔ እኮ ስልት መስሎኝ ለማኅበሩ ጽፌ ነበር!

ኦሜር፦ ለባንዲራው?

ፊርሚን፦ ዝም በል! (ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ) ትናንት በአንድ ሰዓት ይበልጣት ነበር። አሁን አራት ደቂቃ ብቻ! ኦሜር፣ መጣ! ያውና ታች! እጅ ኪስ!

ኦሜር፦ ከገባ ቆየ።

(ዮረን ዳገቱን ጀመረ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ፊቱ አመድ ለብሷል። አጠገቡ በእግሩ የሚሄድ ሰው ቢኖር ይቀድመዋል። የአዘጋጆቹ ተቆጣጣሪ ሴት በሞተር ብስክሌት ከኋላው ትከተላለች። ዳገቱ በጣም ከሚቆምበት ቦታ ሲደርስ ብስክሌቱ ወደ ጎን ዘመመ።)

ፊርሚን፦ በርታ ዮረን! በርታ የኔ አንበሳ! አይዞህ፣ ይቺን ብቻ! ይቺን ብቻ!

(እየጮኸ አብሮት ሮጠ። ባንዲራው ወደቀ። ኦሜር እጁን ኪሱ እንደከተተ የፊርሚን መዳፍ ቀስ ብሎ ሲነሣ፣ ከዚያም የዮረን ጀርባ ላይ ልክክ ሲል አየ። የሥጋ ሻጭ እጅ ነው፤ ብስክሌቱን ሃያ እርምጃ ያህል ሽቅብ አስኬደው። ፊርሚን ፊቱ በርቶ ነበር፤ ሞተሩ አጠገቡ እስኪቆም ድረስ።)

ተቆጣጣሪዋ፦ አባት፣ ምን አደረጉ?

ፊርሚን፦ ምን አደረግሁ?

(እጁን አየ። እጁ ገና በአየር ላይ ነበር።)

ተቆጣጣሪዋ፦ ዮረን፣ ይቅርታ። ሦስት ሰዓት።

ዮረን፦ (ሳይወርድ፣ ዞር ብሎ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ) ፊርሚን... አሥራ አራት ዓመት ስትገፋኝ እኮ አንድ ቀን የቆጠረብን አልነበረም።

(ነድቶ ሄደ። ተቆጣጣሪዋም እየጻፈች ተከተለችው። ፊርሚን ድንጋዩ ላይ ቁጢጥ አለ።)

ፊርሚን፦ ጦጣዋ እኔ ነኝ።

(ኦሜር በልጁ ደስ ሊለው ነበር፤ የጓደኛው ትከሻ ግን ወርዶ ወርዶ ደስታውን አሳነሰበት። ያን ጊዜ ሊቭ ከታች ብቅ አለች፤ ጭቃ በጭቃ፣ የፖስታ ቤቱን ካፖርት እንደለበሰች።)

ፊርሚን፦ (ብድግ ብሎ) መጣች! ኦሜር፣ የሠራሁትን ጥፋት ልካስ! ደግሞ እንዴት ደክሟታል! ትንሽ ብቻ...

(ኦሜር ሁለቱንም እጆቹን ከኪሱ አወጣ። ከጠዋት ጀምሮ ያመልጡታል የተባሉት እጆች ናቸው። የፊርሚንን የእጅ አንጓዎች ጥርቅም አድርጎ ያዘ።)

ፊርሚን፦ ልቀቀኝ! ልረዳት እኮ ነው!

ኦሜር፦ እኮ።

ሊቭ፦ (እያለከለከች) አባዬ! እጁን ያዘው!

ኦሜር፦ ይዤዋለሁ! እንደምን አደርሽ!

(ሊቭ አለፈች። ጀርባዋ ከዛፎቹ በላይ እስኪጠፋ ኦሜር አልለቀቀም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ የሚጠርግበት እጅ ግን አልነበረውም። ከዚያ ፊርሚንን አስቀመጠው፣ ባንዲራውንም አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገለት።)

ፊርሚን፦ ጠዋት ስከለክልህ ዝም ያልከው ታዲያ ለምንድነው? የሚያመልጠው የኔ እጅ እንደሆነ ነግረኸኝ ቢሆን...

ኦሜር፦ ሊቭ ከመሄዷ በፊት «አባዬ፣ የፊርሚን እጅ እንዳይደርስብኝ» ብላኝ ነበር። ስለ ዮረን ግን ምንም አላለችም፤ እኔም አላሰብኩትም። ነገር ቶሎ አይገባኝ የለ።

(ፊርሚን አንገቱን ደፋ። ኦሜር እንቁላሉን አውጥቶ፣ ድንጋዩ ላይ ቀጥቅጦ፣ ልጦ ሰጠው።)

ፊርሚን፦ ይሄ... ለሊቭ አልነበረም?

ኦሜር፦ ብላ፣ ሊቀመንበር። አንተን መርዳት አልተከለከለም።