ጭብጨባው ገና ነው

እልል በሉ፣ ተገኝቷል! ምን እንደተገኘና ለማን እንደሆነ ትንሽ ታገሱኝ፤ ደስታ ሲይዘኝ ነገር ከጅራቱ ነው የምጀምረው።

«የመጀመሪያው አልበማቸው ይበልጣል» የሚል ሰው ያልገጠመው ፍጡር የለም። የእኛ፣ ከወደቡ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የተሳቢዎች ማቆሚያ የፔካ 12ቱ፣ ክቡር ጎሳዬ ይባላሉ፤ የተሳቢ ሾፌር፣ የ«ስድስተኛ ማርሽ» ባንድ ደግሞ ያልተሾሙ አምባሳደር። ባንዶቹ የድሬዳዋ ልጆች ናቸው፤ የሚጫወቱት ፓወር ፖፕ የሚሉትን ሮክ ነው፦ ጊታሩ ዳገት የያዘ ተሳቢ፣ ዜማው ከረሜላ፣ ዘፈኑ ሻይ ሳይበርድ የሚያልቅ።

ክቡርነታቸው አድማጭ የሚያጠምዱት በኤሲ ነው። ውጪ አርባ ሁለት ዲግሪ፣ ጋቢናቸው ውስጥ ደጋ። እኔ ትራንዚተር ነኝ፤ የጭነት ወረቀት ላስፈርም እገባለሁ፣ አስራ አንዱን ዘፈን ሳልጨርስ አልወጣም። ልነሳ ስል ክንዴን ለቀም፦ «ቆይ እንጂ ካሣዬ፣ ጭብጨባው ገና ነው!»

ሁለተኛውን አልበም ያነሳ ሰው ወዮለት። «እዚያ ላይማ ጊታር ችለዋል! መጀመሪያው ላይ አይችሉም ነበር፤ ያማረውም ለዚያ ነው!»

ሻይ የምትሸጠው ፋጤ አንድ ቀን በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ጎሳዬ፣ ዋላሂ አንዴ ብትደግመው ሻይህን በጨው ነው የማፈላልህ!» አለች።

«አራተኛውን ብቻ ስሚ!»

አራተኛው ላይ ዘፋኙ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» ይላል፤ እኛም በየ«ነይ»ው እናጨበጭባለን። «ሌላ ባንድ ቢሆን አንዴ ብሎ ያልፍ ነበር» ይላሉ ጎሳዬ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

ባለፈው ወር ታዲያ የአልበሙን ሲዲ ዳሽቦርድ ላይ ረሱትና ፀሐይ አጣመመችው። «ሌላ ነገር ክፈት እንጂ» ብላቸው፣ «ሌላ አለ እንዴ?» አሉኝ። ሻያቸውን እንኳ ሳይጨርሱ መሄድ ጀመሩ።

እፎይ ማለት ይገባኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ቢሮዬ ውስጥ አንዱ ወረቀት ላይ ሦስቴ ማህተም ስመታ ራሴን ያዝኩት።

ቡላኦስ ሰፈር ያለ የሞባይል ሱቅ ሁሉ አዳረስኩ። ዛሬ ናዒማ የምትባል ባለሱቅ አልበሙን ከአሮጌ ኮምፒውተሯ አግኝታ በፍላሽ ሰጠችኝ። የምስራቹ ይኸው ነው! ፔካ በርሬ ፋጤንም ጠራሁና ጋቢና ገባን። ጥርት ያለ ድምፅ! አራተኛው ደረሰ። ሦስታችንም እጃችንን አነሳን።

«ነይ» አለ። አለፈ።

የቀሩት ሁለት ጭብጨባዎቻችን ባዶ ላይ ወደቁ። ለካ ዓመታት ሙሉ ስናደንቀው የኖርነው ጥበብ የሲዲው ጭረት ነበር!

ፋጤ እንኳ አልሳቀችም። ጎሳዬ ፍላሹን ነቅለው እንደ ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ አገላብጠው አዩትና፣ «ካሣዬ፣ ይሄ የእኛ አይደለም» ብለው መለሱልኝ።

መልሼ ሰካሁት። እዚያው ቦታ ሲደርስ ጣቴን ሰደድኩና ዘፈኑን ወደኋላ አልኩት። «ነይ።» ደግሜ መለስኩት። «ነይ።» ሦስተኛው ላይ ጎሳዬ መሪውን ደለቁት።

«አሁን ተስተካከለ! ድሮም አንተ ጆሮ አለህ እኮ!»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሹመት አግኝቼ አላውቅም። ይኸው ሚኒባሱ መጣ፤ ናዒማ ሱቋን ሳትዘጋ ልድረስ። የሰጠችኝ ቅጂ ሁለት «ነይ» እንደሚጎድለው ሳልነግራት አላድርም።