ሥራ የማያውቀው ክንድ

(የአንሶላ ማጠቢያ ቤት። በአንድ ጥግ ትልቁ መተኮሻ ማሽን እንፋሎት ይተፋል። በመስኮቱ በኩል የማጠፊያው ጠረጴዛ አለ፤ ወንበርም አለው። ተኳሿ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆማ የተኮሰች ሴት ናት። ለኪው የአለቃው አማች ነው። መዳፍ የምታክል የጡንቻ መለኪያ ይዞ ፊቷ ቆሟል።)

ለኪው፦ ግራ አልኩ እንጂ ቀኝ መች አልኩ?

ተኳሿ፦ በጣትህ ያሳየኸኝ እኮ ቀኜን ነው።

ለኪው፦ የሚያምዎት የትኛው ነው?

ተኳሿ፦ ቀኙ።

ለኪው፦ ታዲያ ግራ ስል ለምን ዝም አሉኝ?

ተኳሿ፦ የተማረ ሰው ነህ፣ ታውቃለህ ብዬ ነዋ።

ለኪው፦ እትዬ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም። የአለቃ ትእዛዝ ነው። ጡንቻው የደረቀበት ሠራተኛ ወደ ማጠፊያው፣ ለስላሳ የሆነው ወደ መተኮሻው። እኔ ለክቼ ከፈረምኩ እሳቸውም አይሽሩትም።

ተኳሿ፦ ስድስት ዓመት ሙሉ ትከሻዬ አላስተኛ አለኝ ስል ሰሚ አጣሁ። አሁን ይቺ ሳጥን ትናገርልኛለች። ተመስገን ነው።

ለኪው፦ ሰው ይዋሻል፤ መሣሪያ አይዋሽም።

ተኳሿ፦ እውነትህን ነው። መሣሪያ ዘመድ የለውም።

ለኪው፦ (ሳይገባው) በትክክል! አሁን እንዳይፈሩ በራሴ ላሳይዎት። («1» የተጻፈባት ክብ ፕላስተር ቀኝ ክንዱ ላይ ለጥፎ እጅጌውን ያወርዳል።) አዩ? አያምም። ይቺኛዋ ደግሞ የእርስዎ። (ሌላዋን ፕላስተር ቀኝ ክንዷ ላይ ይለጥፋል።) ቁልፉን ስጫን ፕላስተሯ ጡንቻውን ቀስ አድርጋ ትመታዋለች፤ ድርቀቱ በቁጥር ይመጣል። ሲኮማተር ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለው ይሄ መስመር ይነሣል።

ተኳሿ፦ ያንተን አትነቅላትም?

ለኪው፦ እትዬ፣ ማነው የሠለጠነው?

ተኳሿ፦ አንተ ነህ ልጄ። ሁለት ቀን ሙሉ።

ለኪው፦ (ቁልፉን ይጫናል፤ ወዲያው ክንዱን ያካል።) ተሰማዎት?

ተኳሿ፦ ምንም።

ለኪው፦ ጥሩ ነው። ጤነኛ ጡንቻ አይሰማውም።

ተኳሿ፦ አንተንስ ምን ነካህ?

ለኪው፦ ትንኝ ናት። ይሄ ቤት ትንኝ ወርሶታል። (ደግሞ ይጫናል፤ ደግሞ ያካል።) አሁን እጅዎን ይጨብጡ! በኃይል!

(ተኳሿ ጥርሷን ነክሳ ትጨብጣለች። መስመሩ ንቅንቅ አይልም።)

ለኪው፦ እየጨበጡ ነው ወይስ እየጸለዩ?

ተኳሿ፦ ሁለቱንም።

ለኪው፦ መስመሩ ተኝቷል። ይሄ ልግመኝነት ነው፤ እጽፈዋለሁ። (እስክሪብቶ ያነሣል፤ መስመሩ ይዘላል።)

ተኳሿ፦ ውይ፣ ተነሣ!

ለኪው፦ የታለ? (እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፤ መስመሩ ይተኛል።)

ተኳሿ፦ አንተ እስክሪብቶ ስታነሣ እሱን ምን ያስዘልለዋል?

ለኪው፦ ቀላል ነው። ልጽፍ ስል ይደነግጣሉ፤ ሲደነግጡ ጡንቻዎ ይኮማተራል። በሁለተኛው ቀን ተምረነዋል።

ተኳሿ፦ ከምሳ በፊት ነው በኋላ?

ለኪው፦ አያሹፉ!

ተኳሿ፦ (እጅጌውን ታያለች፤ መስመሩን ታያለች። ድምጿ ይለሰልሳል።) እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው፣ ምን ይገባኛል ብለህ ነው። እስቲ በሰው ቋንቋ ንገረኝ፤ ምን ይላል?

ለኪው፦ ይሄ ክንድ ቅቤ ነው ይላል። ከባድ ነገር አንሥቶ አያውቅም። ባለቤቱ ዕድሜውን ወንበር ላይ ነው የጨረሰው።

ተኳሿ፦ መሣሪያው አይሳሳትም?

ለኪው፦ በፍጹም!

ተኳሿ፦ እንግዲህ ምን አደርጋለሁ። ጻፈው። ጮክ ብለህ ግን፣ ልስማው።

ለኪው፦ (ከመለኪያው እየገለበጠ) «ፕላስተር ቁጥር አንድ። ጡንቻው እጅግ ለስላሳ። የፕላስተሩ ባለቤት ከነገ ጀምሮ መተኮሻው ላይ ይቆማል።» ፈረምኩ።

ተኳሿ፦ ማኅተሙስ?

ለኪው፦ (ይመታል።) ይኸው! አለቀ፤ ደቀቀ።

ተኳሿ፦ (ቅጹን ወስዳ ታጣጥፋለች።) እስቲ መነጽሬን ረስቻለሁና፣ ክንዴ ላይ ያለችውን ቁጥር አንብብልኝ።

ለኪው፦ ሁለት። (ቀስ ብሎ የገዛ እጅጌውን ይሰበስባል። መልሶ ያወርደዋል።) እትዬ... ያንን ቅጽ አንዴ ይስጡኝ።

ተኳሿ፦ (ቅጹን ጉያዋ ትከትታለች።) መጀመሪያ የኔን ለካ። ቁጥር ሁለትን።

(የራሱን ፕላስተር ነቅሎ ቁልፉን ይጫናል። ተኳሿ ክንዷን ሰብሰብ ታደርጋለች። መለኪያው ይጮኻል።)

ተኳሿ፦ ምን አለ?

ለኪው፦ እንጨት ነው ይላል።

ተኳሿ፦ ስድስት ዓመት ያልኩትን ነዋ! በል ጻፈው።

ለኪው፦ (እየጻፈ፣ በቀጭን ድምፅ) እኔ እኮ ቆሞ መሥራት አልለመድኩም...

ተኳሿ፦ (ወደ ማጠፊያው ሄዳ ወንበሩን ስባ ትቀመጣለች።) አውቃለሁ፤ መሣሪያው ነግሮኛል። አይዞህ ልጄ፣ መተኮሻው ጋ ትንኝ የለም። ሙቀቱን አትችለውም።