የስቅለት ማግስት ስፖርት

ዘንድሮ መካሪ በዝቷል። አንዱ ማለዳ ሩጥ ይልሃል፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት በማር ዋጥ፣ ሦስተኛው ዓይንህን ጨፍነህ በረጅሙ ተንፍስ። አካል፣ አእምሮና መንፈስ አብረው ካልጠነከሩ ሰው ሙሉ አይሆንም አሉ። አልከራከርም። እኔን የሚያስቀኝ ነገሩን አዲስ ማስመሰላቸው ነው። በደርግ ጊዜ እኛ ናዝሬቶች ሦስቱንም እናጠነክር ነበር። አካላችንን ቀበሌ በማለዳ ስፖርት፣ አእምሮአችንንም ያው ቀበሌ በውይይት ክበብ ይዞልናል። መንፈሳችንን የሚጠይቅ ስላልነበረ፣ እሱን በግላችን፣ ድምፅ ሳናሰማ እንይዘው ነበር።

እኔ የቀበሌያችን የስፖርት ተጠሪ ነበርኩ። እንዴት ተመረጥክ አትበሉኝ፤ በምርጫው ቀን ከስብሰባ ቀርቼ ነው።

በሁዳዴ መጨረሻ ሊቀመንበራችን ጠራኝ። «ቅዳሜ ጠዋት ከበላይ አካል እንግዳ መጥቶ የሕዝቡን ብቃት ያያል። ካሳፈርከን ለሰፈራ ዘመቻ ትሄዳለህ። የምትሄድበት ደግሞ እዚሁ አጠገባችን፣ ወለንጪቲ እንዳይመስልህ!»

ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ደርሳለች። ጥያት ልሄድ?

በሊቀመንበሩ እቅድ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ናት፤ በእኛ ጉልበት ላይ ግን የስቅለት ማግስት ነበረች። ስግደቱን የማታውቁ ካላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆድ፣ በናዝሬት ሙቀት፣ ግንባር መሬት እስኪነካ መውደቅና መነሳት ነው። በማግስቱ ወንበር ላይ ለመቀመጥም ሽማግሌ መላክ ያስፈልጋል። ተጠሪው እኔም ቤተ ክርስቲያን በጓሮ በር ገብቼ ስሰግድ ነው የዋልኩት።

ቅዳሜ ሰዉ እየተደጋገፈ ሜዳ ወጣ። እንግዳው በላንድሮቨር ደረሰና ሳይወርድ በመስኮት ይመለከተን ጀመር። ንቀት መሰለኝ። ፊሽካዬን ነፋሁና «ጎንበስ!» አልኩ።

ማን ይጎንበስ! ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያጎነበሱት ጎረቤቴ ሐጂ ከማል ብቻ ናቸው። ቀና ብለው ዙሪያቸውን አዩ። «አካም! ዛሬ ምን ነካችሁ? የእናንተንም እኔ ልሥራላችሁ እንዴ?»

ከፊት የቆሙት እትዬ ዘነበች፣ በሌላው ቀን ወጣቱን የሚያስንቁት አሮጊት፣ ወገባቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ፦ «ልጄ፣ ጎንበሱን ትናንት ጨርሰነዋል። ሌላ ካለህ አምጣ።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ሲስቁም ጎናቸውን እያመማቸው «ኧረ ማርያምን አታስቁን!» ይባባላሉ። የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ። እኔማ ጓዜን በሐሳቤ ጠቅልዬ ጨርሻለሁ።

እንግዳው በእጁ ጠራኝ። እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። አረማመዴን ትኩር ብሎ አየና የመኪናውን በር ከፈተ። አንድ እግሩን አወረደ። ሁለተኛውን በሁለት እጁ አንስቶ አወረደው። «እህህ!» አለና ከንፈሩን ነከሰ።

ከዚያ በሩን ተደግፎ ጮክ ብሎ ተናገረ፦ «ጓዶች፣ የሕዝቡ ብቃት እጅግ አጥጋቢ ነው! ለዛሬ መተንፈስ ብቻ ይበቃል!»

ተነፈስን። እንደዚያ ቀን ተንፍሼ አላውቅም። እንግዳው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፦ «ለጉልበትህ ምን ቀባህ?» አለኝ።

ከሰፈራ ዳንኩ። ልጃችን በፋሲካ ማግስት በሰላም ተወለደች። ሚስቴ እስከ ዛሬ ይቅር ያላለችኝ ግን፣ ምሥራቹ የደረሰኝ ሶደሬ ፍል ውኃ ውስጥ፣ ከእንግዳው ጎን ጉልበቴን ዘፍዝፌ ሳለሁ ስለሆነ ነው።