ስለ እማማ መስኮት የተደረሰበት ታላቅ ስምምነት

ታላላቅ ቤተሰቦች ታላላቅ ጉዳዮችን በችኮላ አይወስኑም። የኛ ቤተሰብ ደግሞ፣ ከዓይን ያውጣውና፣ ከታላላቆቹም ታላቅ ስለሆነ ጭራሽ አይወስንም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም። እኔ አማች ነኝ፤ በዚህ ቤት ያለኝ ሥልጣን መቀመጫ ማቅረብና ሲስቁ አብሮ መሳቅ ነው። ቢሆንም የእማማን መስኮት ታሪክ ለትውልድ ሳላስተላልፍ ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው። ቤቱ የሳቸው ነው፤ ሁላችንም በሳቸው ጥላ ሥር ነው የምንኖረው። ክፍላቸው ወደ መንገድ የሚያይ አንድ መስኮት አለው። ይቅርታ፣ ነበረው። ጠዋት መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ቁጭ ይሉና እስኪመሽ አላፊ አግዳሚውን ሲጠይቁ ይውላሉ። «አንቺ፣ ልጅሽ ተሻለው?» «አንተ ደግሞ ምነው ዛሬ ፊትህ ጠቆረ?» ጉልበታቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ ገበያቸውም፣ ጥየቃቸውም፣ ወሬያቸውም ይኸው መስኮት ነው። ደረታቸው ደግሞ ብርድ አይችልም፤ ትንሽ ነፋስ ካገኛቸው ሳምንት ሙሉ ሲያስላቸው ይሰነብታል። እናም የእንጨቱን ፍሬም ምስጥ በልቶት መዝጊያው አልገጥም ሲል፣ «ዝናቡ ሳይገባ ቀይሩልኝ» አሉ። ጥያቄው ይቺው ናት።

ተራ ቤተሰብ ቢሆን አናጢ ጠርቶ፣ አስለክቶ፣ አስገጥሞ በማግሥቱ ነገሩን ይረሳው ነበር። እኛ ግን ጋሼ አሉን።

ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ምን ይሠራ እንደነበር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ስብሰባው ግን እጅግ የተሳካ እንደነበር ደጋግመው ነግረውናል። የእማማን ጥያቄ እንደሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሡና የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ጋሼ ኮታቸውን ከቆለፉ ንግግር አለ ማለት ነው።

«የመስኮት ፍሬም ጉዳይ በባሕርይው ውስብስብ፣ ዘርፈ ብዙና ጥልቅ ጥናት የሚጠይቅ ነው» አሉ። «እንጨት አለ፣ ብረት አለ፣ አሉሚኒየም አለ፣ ፕላስቲክ አለ። ስለዚህ በቅድሚያ አሮጌውን ነቅለን እንጥላለን።»

«ሳንመርጥ?» አለች ባለቤቴ።

«ሳንመርጥ! አሮጌው እዚያ ካለ ሰው ይዘናጋል። ባዶ ቀዳዳ ፊት ለፊቱ ሲያይ ግን ውሳኔ ይፋጠናል። እኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ነበር የሚሠራው።»

ያ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ ጣሪያ ይኑረው አይኑረው እንጃ። የእማማ ፍሬም ግን በዚያው ቀን ተነቀለ። የመጀመሪያውን መዶሻ ጋሼ በገዛ እጃቸው አሳረፉ፤ እኛም አጨበጨብን። መስተዋቱ ረገፈ፣ እንጨቱ ተፈልጦ ማገዶ ሆነ፣ መንገዱና የእማማ አልጋ ያለ አንዳች ከልካይ ተያዩ።

«እኔስ ልጄ፣ እስከዚያው?» አሉ እማማ ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው እየሳቡ።

«እስከዚያው ቀዳዳው ፕላስቲክ ይልበስ» አሉ ጋሼ።

ቀዳዳው ፕላስቲክ ለበሰ። ለእንዲህ ያለ አፋጣኝ ምላሽ ጋሼን ማመስገን ይገባል። እርግጥ ነው፣ በፕላስቲኩ ውስጥ መንገዱ አይታይም። እማማ ሰው መጠየቅ ሲያምራቸው ጥጉን ገለጥ ያደርጋሉ፤ ነፋሱም ያቺኑ ሲጠብቅ ቆይቶ ዘው ይላል። ሳሉ የጀመራቸው ያን ሰሞን ነው።

ኮሚቴው ተቋቋመ። ጉዳዩን ከቅርብ ለመከታተል እንዲያመቸው የሚሰበሰበው ደጅ፣ ቀዳዳው ፊት ለፊት ሆነ። ከአጥር ሥራ የተረፈ ብሎኬት ግቢው ጥግ ተከምሮ ነበርና እሱን እያመጣሁ እየደረደርኩ መቀመጫ አበጀሁላቸው። በዚህ ቤት ከደከምኩበት ነገር ሁሉ ለቁም ነገር የበቃው ይኸው ብሎኬት ብቻ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ኋላ ትሰሙታላችሁ።

አባላቱ ሦስት ናቸው። አንዱ ሊቀመንበራችን ጋሼ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ። ሦስተኛው ትንሹ ወንድማቸው ነው፤ ለአጭር ሥልጠና ውጭ አገር ደርሶ ስለመጣ ባሕር ማዶ እያልን እንጠራዋለን። ሥልጠናው ስለ ንብ እርባታ ነበር። ይዞት የተመለሰው እውቀት ግን፣ ከንብ በስተቀር፣ ሁሉንም ነገር ያካትታል።

«ብረት!» ብለው ከፈቱ ጋሼ። «ብረት ካለ ሌባ አይገባም።»

«ሌባውማ አሁንም በፕላስቲኩ መግባት ይችላል እኮ ጋሼ» አለች ባለቤቴ።

«ፕላስቲኩ ጊዜያዊ ነው። ጊዜያዊ ሌባ አያሳስበንም።»

«ብረት ውሃ ሲነካው ይዝጋል» አለች ባለቤቴ። «አሉሚኒየም ይሁን። የኛ መሥሪያ ቤት አዲሱ ሕንፃ ከላይ እስከ ታች አሉሚኒየም ነው፤ ብታዩት እንዴት እንደሚያምር!»

«ማማሩንስ ያምራል» አለ ባሕር ማዶ እግሩን አነባብሮ። «ግን ፀሐይ ሲመታው ይፋጃል፣ ብርድ ሲሆን በረዶ ነው። እዚያ እኮ ሁሉም ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ! ነፋስ የለ፣ አቧራ የለ፣ ድምፅ የለ። እኔ ያረፍኩበት ቤት መስኮቱ ዝግ ሲሆን ዓለም እንዳለ ጸጥ ይላል።»

«ሲከፈትስ?» አልኩት።

«አይከፈትም ነበር።»

ሁሉም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ መሃል የፕላስቲኩ ጥግ ተገለጠና እማማ ብቅ አሉ።

«ኧረ ልጆቼ፣ የድሮው እንጨት ነበር፤ እንጨት አድርጉልኝና ልረፍ። ብርዱ አጥንቴ ገባ» አሉ። የቀረውን ሳሉ ወሰደው።

«ጥያቄሽ ተይዟል እማዬ» አሉ ጋሼ። «በጥናት ላይ ነው።»

ጥጉ ተመልሶ ወረደ። አንጀቴ አልችል አለኝ፤ ድፍረቴን አሰባስቤ፣ «ጋሼ፣ ውሳኔው እስኪደርስ አንድ ሁለት ሳንቃ ብንመታበትስ?» አልኩ።

ጋሼ በሐዘኔታ አዩኝ። «ሳንቃ እኮ እንጨት ነው። ሳንቃ መታን ማለት ገና ከጅምሩ ለእንጨት አደላን ማለት ነው። የኮሚቴው ገለልተኝነት የት ሊገባ ነው?»

እኔም እንዲህ ያለ ፍትሐዊነት በሞላበት ቤት ማግባቴን አስቤ ብሎኬቴ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ የመጣው የመስክ ሙከራ ነው። ነፋስ ይገባል የሚለው አቤቱታ በአሉባልታ ሳይሆን በማስረጃ መጣራት ስላለበት ኮሚቴው በሙሉ ወደ እማማ ክፍል ገባ። ጋሼ ለትክክለኛነቱ ሲሉ የእማማን ወንበር ያዙ፤ እማማ ተነሥተው አልጋውን ተደግፈው ቆሙ። ሻማ ተለኮሰ። እፍ ሳይባል ጠፋ። እንደገና ተለኮሰ፤ እንደገና ጠፋ። ጋሼ ለሦስተኛ ጊዜ ከለኮሱና ከጠፋ በኋላ ፊታቸው በራ።

«ነፋስ መኖሩ ተረጋግጧል!» አሉ።

«እኔ ነግሬህ አልነበር እንዴ ልጄ?»

«ያንቺ አስተያየት ነው እማዬ። ይሄ ማስረጃ ነው።»

ባሕር ማዶ ደግሞ እዚያ አገር ሁልጊዜ በውሃ እንደሚሞከር ትዝ አለውና የአትክልቱን ጎማ ይዞ ወደ ውጭ ሮጠ። ማንም ሳያስቆመው ውሃውን ቀዳዳው ላይ ለቀቀው። ፕላስቲኩ ተገንጥሎ ወደቀ፣ ፍራሹ ራሰ፣ የእማማ ትራስ ተንሳፈፈ ማለት ይቻላል። «ያስገባል! ያስገባል!» እያለ ከውጭ በደስታ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። ባለቤቴ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ስታሰጣ እንባ ቢጤ ዓይኗ ላይ አየሁ፤ ግን «አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር» ስትል እንባው ለምን እንደሆነ ተጠራጠርኩ።

ደመናው እየከበደ፣ የእማማ ሳል እየጠለቀ ሲመጣ ጋሼ ታሪክ የሚጠብቀውን ሐሳብ አመነጩ።

«እኛ የአንድ እናት ልጆች ነን። ማንም ማንንም አያሸንፍም» አሉ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። «የፍሬሙ የታችኛው ጎን ብረት ይሁን፤ ሌባ የሚረግጠው እሱን ነውና። ግራና ቀኙ አሉሚኒየም ይሁን። የላይኛው ፕላስቲክ። እማዬም እንዳይከፋት እጀታው እንጨት!»

ወይ ስምምነት! ወንድምና እህት ተቃቀፉ። ባሕር ማዶ፣ እዚያ አገር እንኳ እንዲህ ዓይነት ነገር እንዳላየ በአደባባይ አመነ፤ ይህን ሲያምን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከቀዳዳው በኩል የሚሰማው ሳል ባይረብሽ ኖሮ የደስታው ስሜት ሙሉ ይሆን ነበር።

«መስተዋቱስ ምን ዓይነት ይሁን?» አልኩ ሳላስበው።

«መስተዋት ራሱን የቻለ አጀንዳ ነው!» አሉ ጋሼ። «አትቀላቅልብን።»

ጋሼ ስምምነቱን ወረቀት ላይ ሣሉትና ሥዕሉን ይዘን ብረት በያጁ ዘንድ ሄድን። በያጁ ሥዕሉን አገላብጦ አየው፣ ጋሼን አየ፣ ተመልሶ ሥዕሉን አየ።

«ጌታዬ፣ ፕላስቲክና ብረት በብየዳ አይያያዙም። ይቀልጣል።»

«እሱ ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው። የቤተሰቡን ስምምነት አያናውጥም።»

«እንግዲህ እርስዎ ካሉ እኔ ምን ቸገረኝ» አለና መነጽሩን አጠለቀ።

በያጁ ደንበኛ አሳዝኖ የማያውቅ ሰው ነው። ብረቱን በየደ፣ አሉሚኒየሙን በብሎን ወጠረ፣ ፕላስቲኩን በሽቦ ጠፈረ፣ እጀታውን በሙጫ ለጠፈ። ያለቀለት ቀን፣ አቀባበሉ ለክብሩ የሚመጥን እንዲሆን አራታችንም ሄደን በትከሻችን ተሸክመን አመጣነው። መንገድ ላይ ሰው ቆሞ ያየን ነበር። ጋሼ በቀኝም በግራም በጭንቅላታቸው ሰላምታ ይሰጣሉ።

ግቢ ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። ጋሼ ፍሬሙን ቀዳዳው ፊት ለፊት እንድናቆም አዘዙን፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዛሬ ይህ ቀዳዳ…» አሉና ቀና አሉ።

ቀዳዳው የለም።

ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ብሎኬት ነው። መሃል ለመሃል ያለው ስሚንቶ ገና አልደረቀም።

«ማነው ይሄን የደፈነው?» ብለው ጮኹ።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። እማማ ወንበራቸውን ደፉ ላይ አውጥተው፣ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። «ግንበኛው በመንገድ ሲያልፍ በቀዳዳችሁ ጠራሁት። እድሜ ለቀዳዳችሁ! አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ወዲያው ጨረሰልኝ።»

«እማዬ! ኮሚቴው ሳያውቅ?»

«እናንተ አራት ዓይነት መረጣችሁ። እኔም አንድ መረጥኩ። ብሎኬት።»

ባሕር ማዶ ወደ ግድግዳው ሄዶ በመዳፉ ዳበሰው፣ ጆሮውን ለጠፈበት። «ነፋስ የለ፣ አቧራ የለ፣ ድምፅ የለ» አለ በቀስታ። ከልቡ ነበር።

«ተቀምጠን እንነጋገር» አሉ ጋሼ። ወደ መቀመጫዎቻችን ዞርን። መቀመጫዎቻችን ግድግዳው ውስጥ ነበሩ።

ባለቤቴ እናቷ አጠገብ በርከክ አለች። «እማዬ፣ መንገዱንስ በምን ልታዪው ነው?»

«በዚሁ በር ነዋ ልጄ። ምን ላድርግ፣ እሱ ብቻ ቀረኝ።»

ይህን ሲሉ አልቀለዱም። አፈርኩ፤ የምገባበት ጠፋኝ። ባለቤቴም አንገቷን ደፋች። ዝም ብለን እንደዚያ ብንቆይ ኖሮ ምናልባት አንዳችን ይቅርታ እንጠይቅ ነበር። ጋሼ ግን ዝምታ አይወዱም። ዓይናቸው ከእማማ ፊት ተነሥቶ ወደ በሩ መቃን ሄደ። ጠጋ አሉ። በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። አሸተቱት።

«ይሄም ምስጥ ሳይጀምረው አልቀረም» አሉ። «የበር ጉዳይ ደግሞ በባሕርይው ውስብስብ ነው። መዶሻው የት አለ?»

እማማ ተነሡ። ያ ጉልበት ከየት እንደመጣላቸው አላውቅም፤ ወንበራቸውን አንስተው ወደ ውስጥ ገቡ፣ በሩን ፊታችን ላይ ዘጉት፣ መቀርቀሪያው ሲገፋ ሰማን።

ዝናቡ የወረደው ያኔ ነው፤ ዶፍ። አራታችንም የምንጠለልበት አጥተን ተራወጥን። ኋላ ባሕር ማዶ መላ መጣለትና ፍሬሙን አንስተን ከራሳችን በላይ ያዝነው። መስተዋቱ ራሱን የቻለ አጀንዳ ስለነበረ ዝናቡ በመሃሉ ያለ እንቅፋት ያልፍ ነበር። እጀታው ውሃ ሲነካው ሙጫው ለቆ ጋሼ ራስ ላይ ወደቀ።

«እማዬ!» አሉ ጋሼ በሩን በሁለት እጃቸው እየደበደቡ። «ክፈቺልን! ብርዱ አጥንታችን ገባ!»

 ከውስጥ ሳል ያልተቀላቀለበት፣ ጥርት ያለ የእማማ ድምፅ መጣ።

«ጥያቄያችሁ ተይዟል ልጆቼ። በጥናት ላይ ነው። እስከዚያው ፕላስቲክ ልበሱ።»