የገመዳ ፈተናና የጊዜያዊው አማች ጉድ

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ግን እነግራችኋለሁ። እኔ ካልነገርኳችሁ ወረፋው ላይ ከነበሩት ጡረተኞች አንዱ ፖስት ማድረጉ አይቀርም፤ እነሱ ደግሞ ሲያወሩ ይጨምራሉ።

እዚህ አሰላ አንድ ቢሮ "የድሮ መምህራን ማህደር ኮምፒዩተር ውስጥ እየገባ ስለሆነ መጥታችሁ አረጋግጡ" ብሎ ጠራን። ሄድኩ። ባለቤቴ ጥሩወርቅም ከወጣን አይቀር ገበያ ደርሰን እንመለሳለን ብላ አብራኝ መጣች።

ስህተት ቁጥር አንድ!

ስህተት ቁጥር ሁለት፣ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ። ስለዚህ ማህደሬን ያወጣችው ልጅ "ጋሼ፣ እኔ ላንብብልዎት" አለች። የልጅቷ ድምፅ ማይክ የሚያስፈልገው አይነት አይደለም።

ያነበበችውን ከመናገሬ በፊት ግን ወደ ደርግ ዘመን ልመልሳችሁ። ስክሮል አታድርጉ፣ አጭር ነው።

ያኔ ከጮሌ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ብርዱ ጠመኔ ከእጅ በሚያስጥልበት ደጋ ላይ፣ መምህር ነበርኩ። ጊዜያዊ መምህር። መስከረም ላይ ኮንትራት እፈርማለሁ፣ ሰኔ ላይ "ይታደስልኝ ይሆን?" እያልኩ ቢሮ እመላለሳለሁ። ጠዋት ልጆቹን አስተምራለሁ፣ ከሰዓት ደግሞ የልጆቹን አባቶች፣ መሠረተ ትምህርት። ጥቁር ሰሌዳዬ የበር ሳንቃ ነበር። መኖሪያዬ የገበሬ ማኅበሩ እህል ማስቀመጫ ነው። ገብሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ።

ቋሚ ለመሆን ሰርተፍኬት ያስፈልጋል። ሰርተፍኬት ለማግኘት የክረምት ኮርስ መግባት ያስፈልጋል። የክረምት ኮርስ ለመግባት ደግሞ...

ቋሚ መሆን ያስፈልጋል!

የገባው ሰው ኮመንት ላይ ያስረዳኝ። እኔ ጡረታ እስክወጣ አልገባኝም።

አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረች። ኢንስፔክተር መጥቶ፣ ትምህርቴን አይቶ፣ "ይህ ሰው ቋሚ ይሁን" ብሎ ከጻፈ በቃ፣ ተገላገልኩ ማለት ነው።

ምን አስቸኮለህ አትሉኝም? የጥሩወርቅ አባት ነዋ! አሰላ ሽማግሌ ልኬባቸው፣ ጨዋታውን ሁሉ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ "ልጁ ጥሩ ነው። ግን ጊዜያዊ አማች ቤቴ አይገባም፤ ቋሚ ሲሆን ይምጣ" ብለው መለሷቸው። በዚያ ላይ ጥሩወርቅን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ አስጠይቋታል። ቋሚ ነው። ብስክሌትም አለው።

እኔ የነበረኝ አንድ ካፖርት ነው፣ እሱም ውሰት።

በመጨረሻ "ቅዳሜ ከሰዓት ኢንስፔክተር ይመጣል፣ ገበሬዎቹን ይፈትናል" የሚል መልእክት ደረሰኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሳንቃውን አጠብኩ። ሌሰን ፕላኔን ሦስት ጊዜ ገለበጥኩ።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። መዝገቤ ላይ ሠላሳ ገበሬዎች ነበሩ። ከትምህርት የቀረ ሰው ከማኅበሩ ሱቅ ስኳር አይሰጠውም። ስለዚህ ሥራ የያዘው ሰው ምትክ ይልካል፤ ወንድሙን፣ አጎቱን፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ያገኘውን። ምትኩ "አለሁ" ይላል፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ፣ ስኳሩም ይገኛል። ሁላችንም በሰላም ነበር የምንኖረው።

ቅዳሜ ሃያ ዘጠኙ መጡ። ገመዳ የለም። በሬ ሊሸጥ አቦምሳ ወርዷል አሉኝ።

ገመዳ! በዛሬ ቀን!

መዝገቤን ይዤ መንገዱን ሳይ አንድ ሰውዬ በሩን አልፎ ገባ። ጋቢ ተከናንቧል፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ዝም ብሎ ኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

"ገመዳ ነው የላከህ?" አልኩት።

ትንሽ አየኝና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

አጠገቡ ተንበርክኬ ማስጠናት ጀመርኩ። ዛሬ ኢንስፔክተር የሚሉት ጣጣ ይመጣል አልኩት። "ገመዳ ቱፋ" ብሎ ሲጠራ አለሁ በል። አንብብ ካለህ ዓይኔን ጭስ ይዞታል በል። ስለ መምህሩ ከጠየቀህ እንደ አባት ነው የሚያየን በል። በዚያን ጊዜ እንኳን አባት ልሆን ጢሜም በወጉ አልወጣም ነበር።

"ኢንስፔክተሩ ቢያውቅስ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"አይዞህ፣ እነሱ ወንበርና እርጎ ከቀረበላቸው ሌላ ነገር አያዩም" አልኩት።

አያዩም አልኩት! በዚህ አፌ!

ኢንስፔክተሩ እስኪመጣ ብዬ ልምምድ አስጀመርኩ። ስማችሁን ጻፉ አልኳቸው። ዞሬ ስመለስ ሰውዬው "ገመዳ ቱፋ" ብሎ ጽፏል፤ ግን ፊደሉ እንዴት ያምራል! ከእኔ ይሻላል። ተናደድኩ። ገመዳ እንዲህ አይጽፍም፣ ልታስበላኝ ነው ወይ ብዬ ወረቀቱን ነጠቅኩት።

"በግራ እጅህ ጻፍ።"

"በግራ አልለመድኩም" አለ።

"ልመዳ!"

ለመደ። ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ልክ እንደ ገመዳ የተንጋደደ አድርጎ ጻፈው። እኔም ደስ ብሎኝ ከሥሩ "ገመዳ ቱፋ ለጥቂት አልፏል" ብዬ ፈረምኩበት። ኢንስፔክተሩ ሲመጣ የተዘጋጀ ነገር ይጠብቀው ብዬ ነው።

ይህኔ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በሩ ላይ ብቅ አለ። ክንዱ ላይ ካኪ ኮትና ሱሪ አንጠልጥሏል። በሌላ እጁ ቦርሳ ይዟል።

እኔን አላየኝም። በቀጥታ ወደ ኋላ ድንጋዩ ሄደ።

"ጓድ ኢንስፔክተር፣ ልብስዎ ደርቋል።"

...

ጠዋት የተቀመጠባት በቅሎ ወንዝ ውስጥ ጥላው ኖሯል። ልብሱ ሊቀመንበሩ ቤት እሳት ላይ ሲደርቅ፣ እሱ ሰዓት እንዳይረፍድበት ብሎ በሊቀመንበሩ ጋቢ ቀድሞ መጣ። እኔ ደግሞ አንተ እያልኩ ማጭበርበር አስተማርኩት።

ይባስ ብሎ ሃያ ዘጠኙም ያውቁ ነበር! ከበቅሎዋ ሲወድቅ በዓይናቸው አይተዋል፤ ሁለቱማ ራሳቸው ጎትተው አውጥተውታል። ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ በዓይኔ ብለምን፣ ከፊት የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ "አልጠየቅከንማ፣ መምህር" አሉኝ።

ኢንስፔክተሩ ካኪውን ለበሰ። ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ አለኝ።

"ገመዳ ሲመለስ ማለፉን ንገረው።"

የቋሚነት ደብዳቤዬ በዚያ ዓመት አልመጣም። አሰላ ወርጄ ጥሩወርቅን ከቤታቸው አጥር ሥር አገኘኋትና ኮታ ሞላ አልኳት። ከላይ ነው፣ ቢሮው ነው የበደለኝ አልኩ። እሷ አለቀሰች፣ ቢሮውን ረገመች፣ ባለብስክሌቱን መለሰችው፣ ጠበቀችኝ። በዓመቱ ሌላ ኢንስፔክተር መጣ። ያን ቀን በሩን አልፎ የገባውን ሁሉ፣ ውሻም ቢሆን፣ ቆሜ እጅ ነሳሁ። ቋሚ ሆንኩ፣ ተጋባን።

ከዚያ ወዲህ "ኮታ" የሚል ቃል በሬዲዮ በሰማች ቁጥር ጥሩወርቅ ትረግማለች። እኔ ዝም እላለሁ።

አሁን ወደ ዛሬው ወረፋ እንመለስ። ልጅቷ በዚያ ድምጿ የመጀመሪያውን ኢንስፔክተር ሪፖርት አነበበችው፦

"መምህሩ ትጉህና ታጋሽ ነው። የማስረዳት ችሎታው ከፍተኛ በመሆኑ እኔን እንኳ በግራ እጄ መጻፍ አስተምሮኛል። ሆኖም ሰው መለየት እስኪለምድ ቋሚነቱ አንድ ዓመት ይጠብቅ።"

ወረፋው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ልጅቷ ግን አልጨረሰችም። "ጋሼ፣ አንድ ወረቀት ተያይዟል። ገመዳ ቱፋ ለጥቂት አልፏል ይላል። ይሄ የማን ፋይል ውስጥ ይግባ?"

ጡረተኞቹ ግድግዳ ይዘው ሳቁ። አንደኛውን ሳል አፈነው፣ ውሃ አመጡለት።

ጥሩወርቅ አልሳቀችም።

ገበያ አልሄድንም። ባጃጅ ይዘን ተመለስን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሳቃቸው አልነበረም ያፈርኩት። አጥሩ ሥር ያለቀሰችው ትዝ ብሎኝ ነው። ቤት ስንደርስ ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠችና፦

"ስንት ዓመት ሙሉ ምንም ያላደረገኝን ቢሮ ስረግም ኖርኩ" አለች። "እውነቱን ብትነግረኝ እኮ ስቄ እጠብቅህ ነበር።"

ይቅርታ አልኳት። ስልኳን አነሳችና ትነካካ ጀመር። ኋላ በገዛ ስልኬ ስደውልላት፣ የእሷ ላይ ምን የሚል ስም ቢወጣ ጥሩ ነው?

"ጊዜያዊ።"

መቼ ነው ወደ ቋሚነት የምመለሰው ብዬ በትህትና ጠየቅኋት። ጸሎቷን ስታደርስ የምታደርገውን መነጽር አጠለቀችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"አንድ ዓመት ይጠብቅ" አለች።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ይህን እያነበባችሁ ካላችሁት መካከል ጋቢ የለበሰ ኢንስፔክተር ካለ፣ እባካችሁ አሁኑኑ ይናገር። ወንበርም እርጎም አለ። ለጥሩወርቅ አንድ ጥሩ ሪፖርት ብቻ ይጻፍልኝ።